ልጄ የጨረር ሕክምና ልትጀምር ነው፤ ስህተት ቢፈጠርስ?

ጥያቄው የመጣው ከአጋሮ ነው። ጠያቂው የአንዲት የ5 ዓመት ልጅ አባት ናቸው። ልጅቷ የዊልምስ ዕጢ የሚባለው የኩላሊት ካንሰር ተገኝቶባት ግራ ኩላሊቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ኪሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እየወሰደች ነው። አሁን ደግሞ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጨረር ቀጠሮ ተይዞላታል። አባትየው እንዲህ ይላሉ፦ «የሰፈር ሰው ማሽኑ ከተሳሳተ ያቃጥላታል አለኝ። በውጭ አገር ሰው የገደለ ማሽን ነበር ይባላል። እውነት ነው? ስህተት እንዳይፈጠር ምን ይደረጋል? እኔ ገበሬ ነኝ። ሐኪሙን ብጠይቀው አላመንከኝም ወይ ይለኛል ብዬ ፈራሁ።»

ወንድሜ፣ ልጅዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። እኔ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ጨረሩን መለካት፣ መጠኑን ማስላትና ከመሰጠቱ በፊት ማረጋገጥ ነው። ስለዚህ የጠየቁኝ የየቀን ሥራዬን ነው።

መጀመሪያ በአጭሩ ልመልስ። አዎ፣ በጨረር ሕክምና ስህተት ተፈጥሮ ያውቃል፤ ሰውም ሞቷል። ከሚታከመው ሰው ብዛት አንጻር ግን ብርቅ ነው። ስህተትን ፈርቶ መቅረት ለልጅዎ ከዚያ የባሰ አደጋ አለው። የዊልምስ ዕጢ በልጆች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ውስጥ በደንብ ከሚድኑት አንዱ ነው። ጨረሩ የታዘዘላት ዕጢው በነበረበት ቦታ ዓይን የማያየው ርዝራዥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። ጊዜም አለው። አንዳንዱ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የተጻፈ የሕክምና መመሪያ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ይጀመር ይላል። ሌላው ትንሽ ያራዝመዋል። ለወራት ይቆይ የሚል ግን የለም። ስለዚህ ቀጠሮውን አያሳልፉ፤ ጥያቄዎን ይዘው ይሂዱ።

የሰፈርዎ ሰው የሰሙት ማሽን ቴራክ-25 የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ 6 ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር አግኝቷቸዋል፤ የሞቱም አሉ። ጉድለቱ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ላይ ነበር። ከሱ በፊት በነበሩት ማሽኖች ላይ ጨረሩ ያለአግባብ እንዳይወጣ የሚያግድ ራሱን የቻለ መከላከያ ተገጥሞ ነበር። በዚህኛው ላይ ግን ያ ቀረና ነገሩ ሁሉ ለፕሮግራሙ ተተወ።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚከነክነኝ ሌላው ክፍል ነው። ማሽኑ የስህተት ቁጥር ያወጣ ነበር። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን በግልጽ የተነገረው ሰው አልነበረም። ቁጥሩ በየጊዜው ስለሚወጣ ባለሙያዎቹ «ቀጥል» የሚለውን መጫን ለምደውት ነበር። ቴክሳስ ውስጥ በደረሰው አንድ አደጋ ዕለት የሕክምና ክፍሉ ካሜራና የድምፅ መገናኛ አይሠሩም ነበር። ታካሚው ብቻውን ተቃጥሎ ከአልጋው ሲነሣ ያየው የለም። ሕሙማን አቃጠለኝ ሲሉም «ይህ ማሽን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም» ተባሉ። የታካሚው ቃል ወዲያው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ከኋላ የመጡት ባልተጎዱ ነበር።

ዛሬ ያሉት ማሽኖች ከዚያ ብዙ ተምረዋል። መከላከያቸው ተደራራቢ ነው። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ያቆመዋል። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ ተነሥቶ ልጄን ያቃጥላታል ብለው አይስጉ። እኛ ባለሙያዎቹ የምንሰጋው በሌላ ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሰነድ ከ1976 እስከ 2007 በዓለም ዙሪያ የተመዘገቡ የጨረር ሕክምና አደጋዎችን ሰብስቦ አይቷል። የተጎዱት ሕሙማን 3125 ነበሩ። ከዚህ ውስጥ 55 በመቶው የተፈጠረው በዕቅድ ወቅት ነው። ታካሚው ገና ማሽኑ ሥር ሳይተኛ፣ ሰው ወረቀትና ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሳለ ማለት ነው። ሩቡ ደግሞ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ አሠራር ከመግባት ጋር የተያያዘ ነው። መረጃ ከሰው ወደ ሰው፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በሚተላለፍበት ቦታም አደጋ አለ።

ሁለት ምሳሌ ልስጥዎ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኮስታ ሪካ፣ ሳን ሆሴ ከተማ፣ የአንድ ሆስፒታል ኮባልት ማሽን (ውስጡ ካለ ኮባልት ከሚባል ንጥረ ነገር ጨረር የሚያገኝ ማሽን) አዲስ የጨረር ምንጭ ተቀየረለት። አዲስ ምንጭ ሲገባ ጉልበቱ ይለካል። ሲለካ ግን 0.3 ደቂቃ እንደ 30 ሰከንድ ተቆጠረ። 0.3 ደቂቃ 18 ሰከንድ ነው። በዚህ የተነሣ ምንጩ ከእውነተኛ ጉልበቱ ደካማ መስሎ ተመዘገበና ሕሙማኑ ከሚገባው በላይ ጨረር ሥር ቆዩ። ከ100 በላይ ሰው ተጎዳ። ልኬቱን ከሌላ ወገን ሆኖ እንደ አዲስ የደገመ ሰው ቢኖር በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር።

ሁለተኛው የልጅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ለአንጎል ዕጢ ትታከም ነበር። የታዘዘላት ለአንጎሏና ለአከርካሪዋ 35 ግሬይ በ20 ቀን ነው። ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ሆስፒታሉ የኮምፒውተር ሥርዓቱን ቀደም ብሎ አሻሽሏል። ድሮ ኮምፒውተሩ ለ1 ግሬይ የሚሆነውን ቁጥር ይሰጣል፤ ሰው ደግሞ በዕለቱ መጠን ያባዛዋል። አዲሱ አሠራር ማባዛቱን ራሱ ጨርሶ ያወጣል። ዕቅዱን የሠራው ገና ብዙ ልምድ የሌለው ባለሙያ ነበር። የአሠራር መመሪያውም ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አልተስተካከለም። የተባዛው ቁጥር እንደገና ተባዛ። ከ19 ቀን ሕክምና በኋላ አንጎሏ 55.5 ግሬይ ገደማ አግኝቶ ነበር፤ ከታዘዘው 58 በመቶ ይበልጣል። ያው ስህተት በሌላ ታካሚ ዕቅድ ላይ ተደግሞ ሲያዝ ነው የሷም የታወቀው። ልብ ይበሉ፣ ማሽኑ ፍጹም ደህና ነበር። የታዘዘውን ቁጥር በትክክል ሰጥቷል።

ይህን የምነግርዎ ላስፈራዎ አይደለም። የት ቦታ መጠንቀቅ እንዳለብን እንዲያዩ ነው። ለልጅ ደግሞ የሚለይ ነገር አለ።

አዋቂ ሰው ለብዙ ዓይነት ካንሰር ከ25 እስከ 35 ቀን ይታከማል። ለዊልምስ ዕጢ ግን በስፋት በሚሠራበት አንድ ፕሮቶኮል የሆድ ጎን ጨረር 10.8 ግሬይ በ6 ቀን ነው። መጠኑ ትንሽ፣ ቀኑም አጭር ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን አስቡት። 35 ቀን በሚታከም ሰው ላይ የአንድ ቀን ስህተት ከጠቅላላው 3 በመቶ ገደማ ነው። ከ6 ቀን ላይ ሲሆን 17 በመቶ ገደማ ይሆናል። በብዙ ማዕከላት የታካሚው መዝገብ የሚመረመረው በሳምንት አንዴ፣ ማለትም በየ5 ሕክምናው ነው። የልጅዎ ነገር ያ ምርመራ ሲደርስ የሚቀራት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ለአጭር ሕክምና ምርመራው ከመጀመሪያው ቀን በፊት፣ እንደገናም በማግሥቱ መሆን አለበት። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ በዚህ ነጥብ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ለልጅ የሳምንቱን መጨረሻ አትጠብቁ።

ቀጥሎ የጎን ጉዳይ አለ። የልጅዎ ግራ ኩላሊት ወጥቷል። አሁን ሲቲ ስካን ስትነሣ የሚታየው ቀኙ ብቻ ነው። ምስል ላይ ደግሞ የታካሚው ቀኝ በተመልካቹ ግራ በኩል ነው የሚታየው። ይህን ማንም ሐኪም ያውቃል። የደከመና የተጣደፈ ሰው ግን የሚያውቀውንም ይስታል። ቀኝ ተብሎ ቢጻፍ ጨረሩ የሚያርፈው በቀራት አንድ ኩላሊት ላይ ነው። መከላከያው ቀላል ነው። የቀዶ ሕክምናው ሪፖርት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሣችው ሲቲ ስካንና የልጅቷ ጠባሳ ሦስቱም አንድ ጎን መናገር አለባቸው። አንዱ ከሌላው ካልተስማማ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ እነዚያን ወረቀቶችና የሲቲ ስካኑን ሲዲ ቤት አያስቀምጡ። የፓቶሎጂውን፣ ማለትም የወጣው ዕጢ በላቦራቶሪ የተመረመረበትን ውጤትም ይያዙ። ዕጢው ሆድ ውስጥ ፈስሶ ነበር ወይ፣ ንፍፊቶቹ ውስጥ ገብቷል ወይ የሚለው ያለው እዚያ ነው። ጎኗ ብቻ ይታከም ወይስ ሙሉ ሆዷ የሚለውን የሚወስነው ይኸው ነው። ወረቀቱ ከጠፋ የመጀመሪያው ውሳኔ በግምት ሊሆን ይችላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርዎ። የጨረሩ ምልክት የጀርባዋን መሃል አልፎ ወደ ቀኝ ትንሽ ሲሻገር ቢያዩ አይደንግጡ። ሆን ተብሎ ነው። ዕድገቱን ያልጨረሰ አጥንት ግማሹ ብቻ ጨረር ካገኘ ያ ወገን ዕድገቱ ይዘገይና ጀርባዋ ይጣመማል። ስለዚህ የአከርካሪው አጥንት ሙሉ ስፋቱ ይገባል።

አሁን ወደ እኛ አገር ነገር ልምጣ። ስለ ጨረር ስህተት የተጻፉት የውጭ ሰነዶች ብዙ ነገር ያስተምራሉ። እኛ ጋ ያለውን ግን ሁሉንም አያውቁትም።

ስም እንውሰድ። ጅማ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየም ሰው ይመጣል። በአንድ ቀን ወረፋ ሁለት ፋጡማ አህመድ መገኘት ብርቅ አይደለም። አያት ሲጨመር ነው የሚለዩት፤ አንዳንዴ ያም አይለያቸውም። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ መሐመድ አራት ዓይነት ይሆናል። ካርድ ክፍል በአንድ ዓይነት ይጽፈዋል፣ ሲቲ ስካን ክፍል በሌላ፣ የጨረር ኮምፒውተሩ በሦስተኛ። ከዚያ የቤት ስም አለ። ልጅቷ ስምሽ ማነው ስትባል «ሚሚ» ትላለች። ካርዷ ላይ ሚሚ የለም። ስለዚህ የካርድ ቁጥሯን ይያዙ። ስሟ በሦስቱም ቦታ በአንድ ዓይነት መጻፉን ያስተያዩ። ፎቶዋ ኮምፒውተሩ ላይ ይግባ፤ ብዙዎቹ የጨረር ሥርዓቶች ለዚህ ቦታ አላቸው።

የሚጠየቁበትም መንገድ ለውጥ ያመጣል። ባለሙያው «የፋጡማ አባት ነዎት?» ካለ፣ ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሳያስበው «አዎ» ይላል። ትክክለኛው ጥያቄ «የልጅዎ ስም ከነአያቷ ማነው? የቱ ጎኗ ነው የሚታከመው?» ነው። እንዲህ ካልጠየቋችሁ እርስዎ ራስዎ ይናገሩት። ሙሉ ስሟን፣ የካርድ ቁጥሯን፣ «ግራ ጎን» የሚለውን። በየቀኑ። ያው ሰው ትናንት ጠይቆዎት ቢሆንም እንኳ።

ቋንቋም አለ። ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ በአማርኛ የተሰጠ መመሪያ፣ ወይም ለዳውሮ ሰው በሁለቱም ያልገባ መመሪያ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። «ገባኝ» ማለት ቀላል ነው። እርስዎ የተነገረዎትን መልሰው በራስዎ ቋንቋ ይንገሯቸው፤ በዚያ ነው መግባቱ የሚታወቀው።

ቀኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ልጅዎ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ተወልዳ ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 ነው። ማሽኑና ሲቲ ስካኑ የሚያውቁት የፈረንጆቹን ነው። አንድ ሰው 2012 ብሎ እንዳለ ካስገባው የ5 ዓመቷ ልጅ የ12 ዓመት ትሆናለች። የስካኑ አሠራርና ሌላም ውሳኔ በዕድሜ የሚለያይበት ቦታ አለ። አንዱ ክፍል በሐበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ ሲመዘግብ ደግሞ አንዲት ልጅ ሁለት ሰው ትመስላለች። የቀዶ ሕክምናው ቀንም እንዲሁ ነው። 12/02 ተብሎ ቢጻፍ ጥቅምት 12 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 12? የ14 ቀኑ ቆጠራ በዚህ ይበላሻል። ወሩ በፊደል ይጻፍ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው አይቅር። ይህን ጠይቆ ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰዓትም አለ። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ 8:00 ከተባለ የጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ልጅዎ ሰመመን የምትወስድ ከሆነ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ምግብ የምታቆምበት ሰዓት ከዚህ ነው የሚቆጠረው።

ስለ ሰመመን ትንሽ ልቆይ፤ ለትናንሽ ልጆች ከጨረሩ እኩል የምጠነቀቀው ለዚህ ነው። ሕክምናው አያማትም፤ ማሽኑም አይነካትም። ግን ሳትንቀሳቀስ መተኛት አለባት፤ ብቻዋን፣ በተዘጋ ክፍል። ይህን የማይችል ልጅ ይተኛል፣ በየቀኑ። ከሰመመን በፊት ጠጣር ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ የእናት ጡት ወተት ለ4 ሰዓት፣ ውኃ ለ2 ሰዓት እንዲቆም ይባላል፤ የናንተ ሰመመን ሰጪ የሚላችሁን ያዙ። አስቸጋሪው ነገር ልጅ ይራባል። ወረፋ ላይ ያለች አንዲት ደግ እናት ሙዝ ወይም ብስኩት ትሰጣታለች። አስታማሚው ያፍርና አይናገርም፤ ቀጠሮው ይሰረዛል ብሎ ይፈራል። እባክዎ ይናገሩ። ሆዷ ውስጥ ያለው ምግብ ተኝታ እያለች ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ሰዓት መግፋት ይሻላል። በሌላ በኩል ደግሞ ባዶ ሆዷን እስከ እኩለ ቀን ማስቀመጥ ለትንሽ ልጅ አደጋ ነው። ስለዚህ ሰመመን የሚወስዱ ልጆች የጠዋቱ የመጀመሪያ ተራ ይሰጣቸው ብለው ይጠይቁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ልጅዎ 5 ዓመቷ ነው። አንዳንድ የ5 ዓመት ልጆች ያለ ሰመመን ይችላሉ። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ ይለማመዱ። በጀርባዋ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ትተኛ፣ እጇን ወደ ላይ ታድርግ፤ እርስዎ ከክፍሉ ወጥተው በድምፅ ያዋሯት። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ይጨምሩ። ባለቤትዎ ቡና እያፈላች ልጅቷ ብትለማመድ ይበቃል። ከቻለች ሰመመኑ ከነአደጋው ይቀራል። ካልቻለች ግን አያስገድዷት። መሃል ላይ ከምትንቀሳቀስ በሰመመን ብትተኛ ይሻላል።

በክፍሉ ውስጥ ማንም አይቀርም፤ እናትም ቢሆን። ልጅቷ በካሜራ ትታያለች። ከተኛች ደግሞ የልብ ምቷና ኦክስጅኗ በስክሪን ይታያል። ካሜራው ወይም ስክሪኑ የማይሠራ ከሆነ ሕክምናው መጀመር የለበትም። የቴክሳሱን ሰው ያስታውሱ። ከወጣች በኋላ ጨረር ሰውነቷ ውስጥ አይቀርም። ይቀፏት፣ ከእህት ወንድሞቿ ጋር ትተኛ።

ቆዳዋ ላይ ምልክት ይደረግባታል። ማርከር ከሆነ በውኃ ይለቃል። ቅቤ መቀባት፣ ጠበል መጠመቅ፣ ገላዋን አሽቶ ማጠብ ምልክቱን ያጠፋዋል። እምነትዎን ተዉት አልልም፤ ምልክቱ ያለበት ቦታ እንዳይነካ ከባለሙያዎቹ ጋር ይነጋገሩ። ከለቀቀ በእስክርቢቶ መልሰው አይሥሉት። አባቶችና እናቶች ለመርዳት ብለው ይህን ያደርጋሉ። መስመሩ ግማሽ ሴንቲሜትር ቢሸሽ ትንሽ ሰውነት ላይ ብዙ ነው። «ለቅቋል» ብለው ይናገሩ፤ እነሱ ከምስል ጋር አስተያይተው ይሥሉታል። ወገቧ ላይ ክታብ፣ ዶቃ ወይም ብረት ያለበት ነገር ካሰረች ሲቲ ስካን ከመነሣቷ በፊት ያሳውቁ። ክብደቷ ከቀነሰም እንዲሁ። ሲቲ ስካን ስትነሣ የነበረው ሆድና አሁን ያለው ሆድ ካልተመሳሰሉ ስሌቱ ይዛባል።

መብራት ይጠፋል፤ ይህ የታወቀ ነው። ጅማ ያለው ማሽን ሊናክ የሚባለው፣ ጨረሩን በኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማሽን ነው። ሊናክ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ጨረሩ በዚያው ቅጽበት ይቆማል። ተሰጥቶ የተቋረጠው መጠን ይመዘገባል፤ መብራት ሲመለስ የቀረው ብቻ ይሰጣል። ባለሙያው ወዲያው ቁጥሩን በወረቀትም ቢጽፈው እመርጣለሁ። እርስዎ በሩን ገፍተው አይግቡ። ማሽኑ ተበላሽቶ ቀናት ካለፉ «ነገ ሁለቱን በአንዴ እንስጣት» የሚል ነገር ያለ ሐኪሙና ያለ ፊዚክስ ባለሙያው ውሳኔ አይደረግም። ልጅ ላይ የዕለቱ መጠን መብዛት ከጠቅላላው መጠን ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ ነው።

እርስዎ የማያዩት ሥራም አለ። በየጠዋቱ የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት የማሽኑ ጉልበት ይለካል። የልጅዎ ዕቅድ ከጸደቀ በኋላ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ያሰላዋል። ይህ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን መልስ ሳያይ መጀመር አለበት። የተሠራውን አይቶ መፈረም ማረጋገጥ አይባልም። ሐኪሞችም የልጅ ዕቅድ ከመጀመሩ በፊት ከሌላ ሐኪም ጋር ቢያዩት መልካም ነው። ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር ይህ ከሌላ ከተማ ሆስፒታል ጋር በኢንተርኔትም ይሠራል። ለማዕከላት የውጭ ምርመራም አለ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንንሽ የጨረር መለኪያዎችን በፖስታ እየላኩ የሆስፒታሎችን ማሽን ይፈትሻሉ። ሆስፒታሉ ጨረር ሰጥቶ ይመልሰዋል፤ እነሱ ያነቡታል። ኮስታ ሪካ ላይ የተፈጠረውን ዓይነት ስህተት የሚይዘው እንዲህ ያለ የውጭ ዓይን ነው።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ሐኪሙን ብጠይቅ ያኮርፋል ወይ? እኔ በዚህ ሥራ የምፈራው ጠያቂ ወላጅን ሳይሆን ዝም የሚለውን ነው። ይሉኝታ በሆስፒታል ውስጥ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ነርሷ ለሐኪሙ፣ ወጣቱ ቴክኖሎጂስት ለአለቃው፣ ገበሬው አባት ለሁሉም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል ሌላ ቦታ ይሥራ፤ ጨረር ክፍል በር ላይ አይሠራም። በጥሩ ማዕከል ውስጥ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሮ ማንም ሰው «ቆይ፣ አንድ ነገር ልክ አልመሰለኝም» ሲል ሥራው ይቆማል። ተሳስቶም ቢሆን አይቆጡትም። ዛሬ ተሳስተሃል ተብሎ የተሳቀበት ነገ አይናገርም።

እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ስላመንኩዎት ነው ልጄን ያመጣሁት። ከመጀመራችን በፊት ስሟንና ጎኗን አንድ ላይ ብናይ? ስንት ቀን ነው? ዕቅዷን ሁለተኛ ሰው አይቶታል?» ማንም ቅን ባለሙያ በዚህ አይከፋም። በአንዱ ቀን ነገሩ ከሌላው ቀን የተለየ ከመሰለዎት፣ ሌላ ጎን ካስተኟት፣ ከወትሮው በጣም ከረዘመ፣ ልጅቷ አመመኝ ወይም አቃጠለኝ ካለች፣ ያኔውኑ ይናገሩ። «ልጅ ናት» ተብሎ አይታለፍ።

ስህተት ቢፈጠርስ? ለወላጅ መንገር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትንሽም ቢሆን። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ከታወቀ የሚቀጥሉት ቀናት ይስተካከላሉ። ሊፈጠር ሲል የተያዘ ስህተትም መመዝገብ አለበት። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሳፍሮን የሚባል ለዚሁ የተዘጋጀ የመማማሪያ ሥርዓት አለው፤ ማዕከላት የገጠማቸውን ስም ሳይጠቅሱ ያስገባሉ፣ የሌላውንም ያነባሉ። በደብተርም ቢሆን ይጀመር። አንድ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ቀጣዩ ስህተት እንዲደበቅ ያደርጋል። ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ የሳምንቱን ስብሰባ ስትጀምሩ «በዚህ ሳምንት ምን ለጥቂት ዳነ?» ብላችሁ ጀምሩ።

ኪሞውን አይርሱ። የዊልምስ ዕጢ ልጆች የሚወስዷቸው እንደ አክቲኖማይሲንና ዶክሶሩቢሲን ያሉ መድኃኒቶች ከጨረር ጋር ሲገጣጠሙ የቆዳና የሆድ ዕቃ ጉዳቱን ያባብሳሉ። የልጆች ካንሰር ክፍሉና የጨረር ክፍሉ ቀኑን መነጋገር አለባቸው። እርስዎ መሃል ላይ ነዎት፤ የመጨረሻው ኪሞ መቼና ምን እንደነበር ለጨረር ክፍሉ፣ ጨረሩ መቼ እንደሚጀምር ለኪሞ ክፍሉ ይንገሩ።

በመጨረሻው ቀን ሳይሄዱ አንድ ወረቀት ይጠይቁ፤ የሕክምናው ማጠቃለያ። የቱ ጎን፣ ስንት ግሬይ፣ በስንት ቀን፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚል። ልጅዎ አድጋ ሌላ ሕመም ቢገጥማት፣ ስታረግዝ፣ ኩላሊቷ ሲመረመር፣ ወይም ዳግም ጨረር ቢያስፈልጋት ያ ሐኪም ይህን ወረቀት ይፈልገዋል። ሆስፒታሉም መዝገቡን ይይዛል፤ እርስዎ ግን ዋናውን ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር ያስቀምጡ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሡት፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ለአንድ የሚያምኑት ዘመድ ይስጡ።